የሜትር ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት

ልጄ፣ የመጀመሪያውን የፋይበር ኬብል ግዢ እንድትመራ ኃላፊነት እንደተሰጠህ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለህ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ በሜትር ትንሹን ዋጋ ያቀረበውን መምረጥ ለማንም አይከብድም። አንተ የምትገዛው ግን መሬት ተቀብሮ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲያገለግል የሚጠበቅ ዕቃ ነው። ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ያሳለፍኩ ነኝና የምነግርህን ያዝልኝ፦ የኬብሉን ዓይነት፣ የሚሠራበትን ነገርና ዋጋውን የሚወስነው የሚያርፍበት ቦታ ነው።

1. መስታወቱን እወቅ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት ክር ከጠራ ሲሊካ የተሠራ መስታወት ነው። መሃሉ ላይ ያለው ኮር ጥቂት ጀርማኒየም ስለሚጨመርበት ብርሃኑ ዙሪያውን ወደሸፈነው መስታወት፣ ወደ ክላዲንጉ፣ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም ብርሃኑን በአብዛኛው የሚያጠፋው መስታወቱ ውስጥ የቀረው ባዕድ ነገር መሆኑን አመለከቱ። በ1970 የኮርኒንግ ተመራማሪዎች በኪሎ ሜትር ከ20 ዴሲቤል በታች የሚያባክን ክር ሠሩ። 20 ዴሲቤል ማለት ከ100 እጅ ብርሃን 1 እጅ ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። የዛሬው ሲንግል ሞድ የሚባለው ክር በ1550 ናኖሜትር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ስለሚያባክን ከ100 እጅ 95ቱ ይደርሳል። ስለዚህ ዳታሺቱ ላይ መጀመሪያ የምታነበው በ1310 እና በ1550 ናኖሜትር ያለውን ብክነት ይሁን።

2. ሲንግል ሞድን ከመልቲሞድ ለይ። ሁለቱም ከነክላዲንጋቸው 125 ማይክሮን ናቸው። ልዩነቱ ኮሩ ላይ ነው፤ የሲንግል ሞድ 9 ማይክሮን ገደማ ሲሆን የመልቲሞድ 50 ወይም 62.5 ነው። ብዙ ሰው ሩቅ የሚሄደው ሲንግል ሞድ የሚወደድ ይመስለዋል። ኬብሉን ብቻ ካየህ ግን የሚወደደው መልቲሞድ ነው፤ ትልቁ ኮሩ ብዙ ጀርማኒየምና ረቂቅ አሠራር ይጠይቃልና። በመልቲሞድ የሚረክሰው ጫፉ ላይ የሚሰካው፣ ብርሃን የሚልከውና የሚቀበለው ሞጁል ነው። በ10 ጊጋቢት ፍጥነት ከመልቲሞድ ደረጃዎች ኦኤም3 300 ሜትር፣ ኦኤም4 400 ሜትር ይወስድሃል፤ ሲንግል ሞድ በተለመደው ሞጁል 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በአንድ የሰርቨር ክፍል ውስጥ መልቲሞድ ሊያዋጣ ይችላል። ከሕንፃ ሕንፃ፣ ከከተማ ከተማ ከሆነ ግን ሳታመነታ ሲንግል ሞድ ግዛ።

3. ልባሱን ለቦታው ምረጥ። ጅቡቲ ላይ ከባሕር የሚወጣው ኬብልም ሆነ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ላይ የሚሄደው ድሮፕ ኬብል ውስጣቸው መስታወት ነው፤ ዋጋቸውን ያራራቀው ልባሳቸው ነው። በዳክት፣ ማለትም በተቀበረ ቱቦ ውስጥ ለሚያልፍ፣ ክሮቹ በጄል በተሞላ ቱቦ የሚተኙበትና ጥቁር ፖሊኤትሊን የለበሰ ኬብል ይበቃል። በቀጥታ አፈር ውስጥ ከቀበርከው አይጥና ፍልፈል አይምሩትምና የብረት ሽፋን ያለውን አርመርድ ውሰድ፤ ብረቱን ኤርዝ ማድረግ እንዳትረሳ። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ብረት የሌለበት፣ በአራሚድ ክር የተጠናከረና ራሱን የሚሸከም ኬብል አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በከፍተኛ መስመሮቹ ላይ የሚጠቀመው ደግሞ ሌላ ነው፤ ከመብረቅ በሚከላከለው የምድር ሽቦ ውስጥ ፋይበር የታቀፈበት ነው። ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ሃሎጅን የሌለውና ሲቃጠል ጭሱ ትንሽ የሆነውን ምረጥ። ጥቂት ብር ያስወጣህ ይሆናል፤ በእሳት አደጋ ጊዜ ግን ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ጭሱ ነው።

4. በኮር ብዛት አትሰስት። በገበያ አነጋገር ኮር የሚባለው አንዱ ክር ራሱ ነው፤ ከ12 ኮር ወደ 24 ስታልፍ የኬብሉ ዋጋ እጥፍ አይሆንም፤ ልባሱና ማጠናከሪያው ያው ነውና። የቁፋሮው ወጪማ ጭራሽ አይለወጥም። ከተማ ውስጥ አስፋልት ቆርጦ፣ ቱቦ ቀብሮ፣ መንገዱን መልሶ መጠገን ከኬብሉ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። ዛሬ የሚያስፈልግህ 8 ኮር ከሆነ 24 ቅበር።

5. የድራሙን ርዝመት ጠይቅ። የ20 ኪሎ ሜትር መስመር በ4 ኪሎ ሜትር ድራም ከተዘረጋ መሃል ላይ 4 ቦታ ይቀጠላል፤ በ2 ኪሎ ሜትር ድራም ከሆነ 9 ቦታ። እያንዳንዱ መቀጠያ ሳጥንና የባለሙያ ጉልበት ያስወጣል፤ ብክነት ይጨምራል፤ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳም ሊሆን ይችላል። በሜትር የረከሰው በመስመር ሊወደድ የሚችለው እንዲህ ነው።

6. ሳትፈትሽ አትረከብ። ድራሙ መጋዘን እንደደረሰ ጫፉን አውጥተህ እያንዳንዱን ኮር ኦቲዲአር በሚባለው የክር መፈተሻ መሣሪያ እይ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። መሃል ላይ እንደ ደረጃ ድንገት ዝቅ ካለ ክሩ የተጎዳበት ቦታ አለ። የተመዘገበውን ርዝመት ልባሱ ላይ ከታተመው የሜትር ቁጥር ጋር አስተያይ፤ ክሩ ቱቦው ውስጥ ተጠማዝዞ ስለሚተኛ ከልባሱ ጥቂት ቢረዝም ደንብ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳይፈተሽ የተቀበረ ኬብል ሁለት ጊዜ ያስቆፍራል።

7. ኬብሉንም ራስህንም ጠብቅ። ሲጎተት ከውፍረቱ 20 እጥፍ፣ ካረፈ በኋላ ከ10 እጥፍ ባነሰ ራዲየስ አትጠፈው። 12 ሚሊሜትር ለሚወፍር ኬብል ሲጎተት 24፣ ሲያርፍ 12 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ክር በሚቀጠልበት በስፕላይሲንግ ጊዜ የተቆረጠችውን ስባሪ ሁሉ ዕቃ ውስጥ ሰብስብ፤ ቆዳ ውስጥ ከገባች ለማውጣት ታስቸግራለች። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ የኬብል ጫፍ ውስጥ ፈጽሞ አትመልከት።

እንግዲህ ፕሮፎርማ ስትጠይቅ የክሩን ደረጃ፣ የኮሩን ብዛት፣ የልባሱን ዓይነት፣ የድራሙን ርዝመትና የፍተሻውን ውጤት በአንድ ዝርዝር ጻፍና ለሁሉም ሻጭ አንድ ዓይነት ስጥ። ዋጋ ከዋጋ የሚወዳደረው ያኔ ብቻ ነው። በምትዘረጋው መስመር የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ በትክክል ያልገባህን ዳታሺት አትፈርም።