ሙቀት የማይዝ የጋዝ ምድጃና የቤተ ሰብ ጤና

ከደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘው ጋፋት የእሳት ሥራ አገር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ዋልድማየርንና ሌሎቹን ከአውሮጳ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች በዚያ አስፍረው መድፍ ያሠሩ ነበር፤ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሆነው ሴባስቶፖልም ከዚያው ተነሥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ በላይ ስለ ሆነ፣ የምድጃው ሙቀት የጐደለ እንደ ሆነ የቀለጠው ሁሉ ከቅርጹ ሳይደርስ ይረጋል። ዛሬ በየቤታችን የምናቆመው የጋዝ ምድጃ ከዚያ ጋር ሲተያይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ሙቀቱን ሳይጠብቅ ሲቀር ግን የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ አይደለም።

ባለቤቶቹ ችግሩን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ከዳቦው ነው፤ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። ይህ የዱቄት ኪሣራ ነው። የዶሮ ሥጋ ግን መካከሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ ከወጣ ሳልሞኔላ የተባለውን ተሐዋሲ ይዞ ወደ ገበታ ሊቀርብ ይችላል።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት መለካት ይገባል። የምድጃ ቴርሞሜትር በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኑሮ፣ መዞሪያውን በ180 ዲግሪ ላይ አድርጎ፣ ግማሽ ሰዓት ከቆዩ በኋላ በየ10 ደቂቃው በመስተዋቱ በኩል ማንበብ ነው። ሙቀቱ 10 ወይም 15 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ቢል የምድጃው ጠባይ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ዘወትር በአንድ ልክ የሚያንስ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተዛብቷል፤ ወይም ሙቀት የሚለካው ቀጭን ዘንግ ከመያዣው ወድቆ ግድግዳውን ነክቷል። ደኅና ሞቆ የሚወርድ ከሆነ አስቀድሞ በሩን መመርመር ነው። ወረቀት በበሩ መካከል አድርገው ዘግተው ሲስቡት ያለ ትግል ከወጣ ማሸጊያ ጎማው አርጅቷል። እሳቱ ጭራሽ የሚጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ነበልባሉ የሚነካውና ጋዙን ክፍት አድርጎ የሚይዘው የመጠበቂያ ዘንግ ጥላሸት ይዞ ወይም ላልቶ ይሆናል።

በደጋ አገር ሌላም ምክንያት አለ። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ሙቀት እየወሰደ ነው፤ በተለይ ቡታን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግፊቱ ይደክማል። በጉና ግርጌ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የተጋመሰ ሲሊንደር እሳቱን ቢያሳንስ አያስደንቅም። ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በፍም ማሞቅ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራን የነበልባሉ ቀለም ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ አገር የተበጀ ምድጃ እዚህ ሲመጣ የጋዝ መውጫ ቀዳዳው ካልተስተካከለ ጋዙ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ነበልባሉ ከሰማያዊነት ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ድስቱም ይጠቁራል። ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር ተጣብቆ ለኦክሲጅን ቦታ ይከለክላል። ምድጃው አልሞቅ ሲል ሁለት ሰዓት ጨምሮ ማንደድ፣ ይልቁንም ብርዱን ለመከላከል መስኮት ዘግቶ የምድጃውን በር ከፍቶ ቤት ማሞቅ፣ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድዶ እንደ መተኛት ያለ ድፍረት ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ በአንድ ጊዜ ብዙ የቤት ሰው ከያዘ ጉንፋን ነው ብለው አይቈዩ፤ ጋዙን ዘግተው፣ በርና መስኮት ከፍተው፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።

ጋዙ ራሱ የሸተተ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአየር የከበደ ስለ ሆነ ከወለሉ ላይ ይተኛል፤ ክብሪት አይጫርም፣ የመብራት ማብሪያም አይነካም። ሲሊንደሩ ተዘግቶ ቤቱ ከተናፈሰ በኋላ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብተው እንደ ገና ሲከፍቱት አረፋው የተነፋበት ቦታ የሚያፈሰው ነው።