ከአሪቻ ቁልቁለት እስከ ድንገተኛ ክፍል፦ ከሕሙማን አልጋ አጠገብ የተገኙ ትምህርቶች



በይርጋ ጨፌ ወረዳ የምትገኘው አሪቻ በባሕር ማዶ ስሟ የሚነሣው በቡናዋ ነው። በውስጧ የሚኖር ሰው ግን በሌላም ያውቃታል፤ በቁልቁለቷ፥ ዝናብ ሲመታው በሚያዳልጠው ቀይ አፈሯ፥ በእንሰትና በቡና መካከል ተራርቀው በተሠሩት ቤቶቿ። በሌሊት ሰው በድንገት ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው ጎረቤት ነው፤ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ካቴኪስቱ ነው። ሐኪም የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቃሬዛ ተበጅቶ፥ ጎረምሶች ተጠርተው፥ መኪና እስከሚገባበት መንገድ ድረስ ተወርዶ፥ ከዚያም ወደ ይርጋ ጨፌ፥ ካልተቻለ ወደ ዲላ። ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ በሕመምተኛው አጠገብ ያሉት እኛው ነን። ስለዚህ በዚህ እትም የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ባለሙያዎች ከአንዳንድ እንግዳ ሕመሞች የተማሩትን፥ እኛም ልናውቀው የሚገባንን፥ እንመለከታለን።

ድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ የሙያ ዘርፍ ሆኖ በሀገራችን ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፥ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ትምህርቱ አዲስ ይመስላል እንጂ መሠረቱ ጥንታዊ ነው፤ ማየት፥ መዳሰስ፥ ማዳመጥና መጠየቅ።

ከመጠየቅ እንጀምር። አንድ ሕፃን ደም ያስለዋል እንበል። ድምፁ ሻክሯል፤ ፊቱ ገርጥቷል፤ እናቱ ሳምንት ሆኖታል ትላለች። ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚያስበው የሳንባ ነቀርሳን ወይም የሳንባ ምችን ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። መድኃኒቱ ተሰጥቶ ደሙ ግን አይቆምም። የሀገራችን ሐኪሞች እንዲህ ካሉ ሕፃናትና አዋቂዎች ጉሮሮ ውስጥ አልቅት ያወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ከብት ጠባቂ ልጅ በጥም ጊዜ ወደ ምንጭ ጎንበስ ብሎ በአፉ ሲጠጣ፥ እንደ ክር የቀጠነች አልቅት ሳይታወቀው ትገባለች። በአፍንጫው ጓዳ ወይም በጉሮሮው ተጣብቃ ደም ስትመጥ ከመጀመሪያው መጠኗ እጅግ ትወፍራለች። ከአፏ የምታወጣው ንጥረ ነገር ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ፥ የነከሰችው ቦታ ትንሽ ሆኖ ሳለ ደሙ ሳይቋረጥ ይንጠባጠባል። በብዛት የሚዋጠው ደም ሰገራን ያጠቁራል፤ ልጁም ደም አንሶት ሊወድቅ ይችላል። ወደ አየር ቧንቧ የገባች እንደሆነ ደግሞ ትንፋሽ ትዘጋለች።

ይህን ሕመም የሚገልጠው ውድ መሣሪያ ሳይሆን «ልጁ ከየት ያለ ውኃ ጠጣ?» የሚለው ጥያቄ፥ ከዚያም በብርሃን ጉሮሮን አጥብቆ መመልከት ነው። እናቲቱ ስለ ውኃው ያልተናገረችው ልትደብቅ ፈልጋ አይደለም፤ ውኃና የደም ሳል ምን እንደሚያገናኛቸው ማን ነግሯት? በየቤቱ የሚታወቀው ዘዴ፥ የትንባሆ ውኃ ወይም ጋዝ በአፍንጫ ማፍሰስ፥ አልቅቷን አስደንግጦ ወደ አየር ቧንቧ ሊያወርዳት፥ ልጁንም ሊመርዘው ስለሚችል እንዲቀር እንመክራለን። በጤና ተቋም ቦታውን አደንዝዘው በመቆንጠጫ ያወጧታል። ውኃን በንጹሕ ነጠላ እጥፍ አጥልሎና አፍልቶ መጠጣት ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ሕመም ከማየት ጋር የተያያዘ ነው፤ ይልቁንም መሣሪያ ዓይናችንን ሲያታልለው ስለሚሆነው ነገር ነው። በክረምት ብርድ፥ በተለይ በከተማ ቤቶች፥ ቡና የተፈላበት ከሰል ሳይጠፋ በርና መስኮት ተዘግቶ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ኦክስጅንን ከሚሸከምበት ቦታ ላይ ከኦክስጅን ይልቅ እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ፥ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። መጀመሪያ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ድካም ይመጣል፤ በኋላ ራስን መሳት ይከተላል።

አሁን በየጤና ተቋሙ በጣት ላይ የምትሰካ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ አለች። መልካም መሣሪያ ናት፤ በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ብዙ ሰው አውቋታል። ይሁን እንጂ በከሰል ጭስ የታፈነን ሰው ደም ስትለካ ከ100 እጅ 98 ወይም 99 ልታሳይ ትችላለች። ኦክስጅንን የያዘውን ደምና ካርቦን ሞኖክሳይድን የያዘውን ደም በቀለም መለየት ስለማትችል ነው። ቁጥሩ ደኅና ነው እያለ ሰውየው ይሞታል። ልምድ ያለው ነርስ እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቶ «ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አባት፥ እናትና ልጆች በአንድ ማለዳ ራሳቸውን ካመማቸው፥ ድመቷም ጥግ ይዛ ከፈዘዘች፥ ነገሩ ወባም የምግብ መመረዝም ላይሆን ይችላል። በመጽሐፍ የሚጻፈው የቆዳ መቅላት በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው፤ እርሱን መጠበቅ አይገባም።

መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። በተራ አየር መርዙ በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በጭንብል ብዙ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን አንድ ሰዓት ከግማሽ ገደማ ይበቃዋል። ወተት ማጠጣት መርዙን ከደም አያወጣውም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ገብቶ ሌላ ሞት ይሆንበታል። እኛ ልናደርገው የምንችለው በሩን መክፈትና ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት ነው። የሚያወጣው ሰው ግን በሩን ሳይከፍት ዘሎ ገብቶ አጠገባቸው እንዳይወድቅ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው ብዙ ልንቆይበት የሚገባ ነው። የጌዴኦ ቡና በአብዛኛው ያለ ኬሚካል የሚለማ ቢሆንም፥ ለእህል ነቀዝ፥ ለአትክልት ተባይ፥ ለከብት መዥገር የሚሆኑ እንደ ማላታይንና ዳያዚኖን ያሉ መድኃኒቶች በየገበያው ይገኛሉ። ብዙ ጊዜ በትንሹ ተቀንሰው በለስላሳ ወይም በውኃ ጠርሙስ ይሸጣሉ። ልጅ ጠርሙስ ሲያይ የሚያስበው መጠጥ ነው። አዋቂም በጨለማ ይሳሳታል፤ በጭንቀት ተይዞ ሆነ ብሎ የሚወስድም አለ። ስለዚህኛው በሹክሹክታ መነጋገራችንን ትተን፥ እንዲህ ያለውን ሰው በሐሜት ሳይሆን በፍቅር ልንቀበለው ይገባናል፤ በሕክምና የዳነው ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ የምናሳየው ፊት የሕክምናው ክፍል ነውና።

መርዙ ከነርቭ ወደ ጡንቻና ወደ ዕጢዎች የሚሄደው መልእክት እንዳይቆም ያደርጋል። ስለዚህ ሰውነት ከየአቅጣጫው ውኃ ያወጣል፤ ላብ፥ እንባ፥ ለሃጭ፥ ትውከት፥ ተቅማጥ። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፤ ጡንቻዎች ከቆዳ ሥር ርግብግብ ይላሉ። ሰውን የሚገድለው ግን ሳንባው በገዛ ፈሳሹ መሞላቱና የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ መዛላቸው ነው። ሐኪሞች አትሮፒን የሚባለውን መድኃኒት በየጥቂት ደቂቃው መጠኑን እያጠፉ ይሰጣሉ። መቼ እንደሚበቃ የሚነግራቸው የዓይኑ ብሌን አይደለም፤ የልብ ፍጥነትም ብቻ አይደለም። ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ አድርገው የሳንባው ድምፅ ሲደርቅ ነው የሚያውቁት። ብሌኑ ሰፋ ብለው ቀድመው ያቆሙ እንደሆነ ሳንባው እንደገና ይሞላል። ደግሞም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፥ ዘመድ «ዳነልን» ብሎ ሲደሰት፥ የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻዎች በድንገት ሊዝሉ ይችላሉ። ስለዚህ ነርስ «ቀና በል፥ ራስህን ከትራስ አንሣ» እያለ ሕመምተኛውን ማስቸገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ራሱን ማንሣት ያቃተው ሰው ትንሽ ቆይቶ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል።

የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ በሌለበት ወይም በተያዘበት ቦታ ምን ይደረጋል? መልሱ ሰባ ዓመት ያለፈው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በብሌግዳም ሆስፒታል መተንፈስ ካቃታቸው ከመጀመሪያዎቹ 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ። የደም ምርመራቸው እንግዳ ነገር ያሳይ ነበርና ሐኪሞቹ በደማቸው አልካሊ የበዛባቸው መሰላቸው። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም ግን ሕሙማኑን ተመለከተ፤ ያልባቸዋል፥ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሏል። ይህን ምልክት በቀዶ ሕክምና ክፍል በደንብ ስለማይተነፍሱ ሕሙማን ያውቀው ነበር፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታምቆባቸዋል አለ። ነሐሴ 21 ቀን 1944 ዓ.ም. በሞት አፋፍ ላይ ለነበረች የ12 ዓመት ልጃገረድ በጉሮሮዋ በኩል ቱቦ አስገብቶ፥ በጎማ ከረጢት እየጨመቀ አየር ሰጣት። በመጀመሪያ ባሰባት፤ ከቱቦው ጋር ታገለች። የሚያስተኛ መድኃኒት ሲሰጣት ግን ደረቷ ተከፈተ፤ ዳነችም።

መሣሪያ አልነበረምና 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ለወራት እየተፈራረቁ ሌሊትና ቀን በእጃቸው ከረጢት ጨመቁ። የሟቾቹም ቁጥር እጅግ ወረደ። ዛሬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምንለው የተወለደው ከዚያ ነው። በየጤና ተቋሙ መሳቢያ ውስጥ የምትገኘው፥ ነርሶች አምቡ የሚሏት፥ ራሷ አየር እየሞላች የምትጨመቅ ከረጢትም እ.ኤ.አ. በ1956 በዚያው በዴንማርክ ለአገልግሎት የዋለች ናት። በሀገራችን አልጋ አጠገብ ወንድም ለወንድሙ፥ ልጅ ለአባቱ ሲጨምቃት የታየበት ጊዜ አለ። መጭመቁ ኃይል አይፈልግም፤ የሚከብደው አለማቋረጡ ነው። በችኮላ አብዝቶ መጭመቅ ይጎዳል፤ ነርሱ የሚያሳየውን ልክ፥ ማለትም ደረቱ በዝግታ ከፍ ሲል ማየትን፥ መከተል ይበቃል።

ከዚህ አዲስ ጥበብ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፤ እስከ መቼ ነው የምንጨምቀው? ጥያቄውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያመጡት ራሳቸው የሰመመን ሐኪሞች ነበሩ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ ኅዳር 15 ቀን 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1957) ሲመልሱላቸው፥ ሰው ሕይወቱን ለመጠበቅ ተራ የሆኑትን መንገዶች የመጠቀም ግዴታ እንዳለበት፥ እነርሱም እንደ ሰዉ፥ እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ሁኔታ እንደሚለያዩ፥ በራስም ሆነ በሌላው ላይ ከመጠን ያለፈ ሸክም የሚጭነውን ግን ማንም እንደማይገደድበት አስረዱ። ሞት መቼ እንደ ደረሰ መወሰንም የሐኪም ሥራ መሆኑን ተናገሩ። እንግዲህ ከብቱን ሽጦ፥ መሬቱን አስይዞ ተስፋ የሌለው ሕመምተኛ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ለሚያስብ ቤተ ሰብ፥ ሐኪሙ «ከእንግዲህ የሚረዳ የለም» ሲል ወደ ቤት መመለስ ክህደት አይደለም። ሊድን የሚችለውን፥ ለምሳሌ በመርዝ የተጎዳውን ወጣት፥ ወጪ በመፍራት ብቻ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን እንዳናምታታ።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ምሥጢረ ቀንዲል አንድ ነገር እንበል። ብዙ ቤተ ሰብ ካህን እንዳይጠራ የሚከለክለው «አባ ከመጡ ሞቱ ቀርቧል ማለት ነው» ብሎ ስለሚፈራ ነው። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ ይህ ምሥጢር በሞት አፋፍ ላሉት ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነ አስተምሯል። ካቴኪስቱ ይህን በሰላሙ ጊዜ ቢያስተምር፥ በጭንቁ ሌሊት መከራከር አያስፈልገውም። ቃሬዛው ግን ካህን እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ካህኑ በመንገድም በሆስፒታልም ሊደርሱ ይችላሉ።

ስለ ቃሬዛው ደግሞ፦ ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው አስተኝተን ፊቱን በጋቢ ሸፍነን መሸከም ልማዳችን ነው። በጀርባው ሲተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሹን ይዘጋል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባው ይገባል። ፊቱ ተሸፍኖ ሳለ መጥቆሩን ማንም አያይም። በጎኑ ይተኛ፤ አፉ ወደ ታች ዘንበል ይበል፤ ፊቱ ይገለጥ፤ ከተሸካሚዎቹ ሌላ አንድ ሰው ትንፋሹን ብቻ እየተመለከተ አብሮ ይሂድ። በአፉ ምንም አይግባ። መርዝ የነካው እንደሆነ ልብሱ ይውለቅ፥ ገላው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ የሚያጥበውም ሰው እጁን በላስቲክ ይሸፍን። እንዲያስመልሰው አይገደድ። ጠርሙሱ፥ ባዶም ቢሆን፥ በላስቲክ ተጠቅልሎ አብሮ ይወሰድ፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት የሚያውቀው ከእርሱ ነው።

አብሮ ስለሚሄደው ሰውም እናስብ። በባህላችን ሕመምተኛን ይዘው የሚሄዱት ንግግር የሚያውቁት ታላላቆች ናቸው፤ ይህም ክብር ነው፥ አንቃወመውም። ሆስፒታል ሲደርሱ ግን «መቼ ጀመረው? ምን ይዞ ነበር? መጀመሪያ ምን ሆነ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚያውቁት የተነገራቸውን ብቻ ነው። ሲወድቅ በዓይኗ ያየችው የ8 ዓመት ልጅ ቤት ቀርታለች። ጋሼም ይሂዱ፤ እርሷም ነጠላዋን ደርባ ከቃሬዛው ኋላ ትከተል።