በወንድም ላይ ስለ መፍረድ



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሊጸልዩ ወደ ቤተ መቅደስ ስለ ወጡ ስለ አንድ ፈሪሳዊና ስለ አንድ ቀራጭ ያስተምረናል። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ መጾሙና ዐሥራት ማውጣቱ በራሱ መልካም ነበር። ጥፋቱ ጸሎቱን ባልንጀራውን የሚመዝንበት ሚዛን ማድረጉ ነው። ከእግዚአብሔር አንዳች አልለመነም፤ አንዳችም ሳይቀበል ተመለሰ። ምሕረትን ብቻ የለመነው ቀራጭ ግን ጸድቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ ራስን ማጽደቅ ከመልካም ሥራም ሊበቅል ይችላል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሳለ «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣው?» የሚል ሹክሹክታ ቢሰማ፥ ንስሐ ሳይገባ ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ በሩን የዘጋንበት እኛ አዘውትረን የምንመጣው ነን። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው የአበው ምሳሌ ይህን ይገልጣል።

በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ የኖረው፥ አስቀድሞ ወንበዴ የነበረው ሙሴ ጸሊም፥ ባጠፋ መነኩሴ ላይ ለመፍረድ በተሰበሰበ ጉባኤ ተጠራ። እርሱም የሚያፈስ ዕቃ ውሃ ሞልቶ፥ ተሸክሞት መጣ። አበው ምክንያቱን ቢጠይቁት፥ የራሱ ኃጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ያን ወንድም ይቅር አሉት።

ታዲያ ክፉውን ክፉ አንበል ማለት ነውን? አይደለም። ጌታ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለንን ወንድም አስቀድመን ለብቻው እንድንገሥጸው አዝዞናል። በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2477፥ ያለ በቂ ማስረጃ የባልንጀራን ጥፋት በልብ እንኳ እውነት ነው ብሎ መቀበል የችኮላ ፍርድ መሆኑን ያስተምራል። እውነተኛውንም ጥፋት ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት ለማያውቁት መግለጥ በደል ነው። ሥራውን መመርመር ይቻላል፤ ልብን የሚመረምር ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ለማሰላሰል፦
1. ስለ ወንድሜ ጥፋት መጀመሪያ የምነግረው ለማን ነው? ለራሱ ወይስ ለሌላ?
2. ለመጨረሻ ጊዜ የፈረድሁበትን ሰው በጸሎቴ አስቤዋለሁን?
3. የተመለሰ ሰው በቁምስናችን በመጀመሪያ የሚያየው ፊት የማን ነው? ምን ዓይነትስ ፊት ነው?

ምሕረትን የምንለምን ሁላችን፥ ምሕረትን የምናደርግ እንድንሆን እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።