የገና ማገዶ በኮንጋ

ለጥናት የሚነበብ፦ 1ኛ ነገሥት 17፥8-16፤ ዘጸአት 16፥13-30



ነቢዩ ኤልያስ ሰራፕታ በደረሰ ጊዜ መበለቲቱን ያገኛት እንጨት ስትለቅም ነው። ስለ ዱቄቱና ስለ ዘይቱ ብዙ ስብከት ሰምተናል፤ እኛም ሰብከናል። ስለ እንጨቱ የሰበከ ሰው ግን አናስታውስም። ክፍሉን ቀስ ብላችሁ ብታነቡት አንድ ነገር ታስተውላላችሁ። ዱቄቱና ዘይቱ እስከ ዝናብ ጊዜ ድረስ እንዳላለቁ ተጽፏል፤ ስለ እንጨቱ ግን ምንም አልተባለም። እንግዲያው ያቺ ሴት በየቀኑ እየወጣች መልቀም ሳይኖርባት አልቀረም። ተአምር በተደረገበት ቤት እንኳ ማገዶ የሚያመጣ ሰው ያስፈልግ ነበር።

የልደት በዓል ሲቃረብ በየቤታችን የምንነጋገረው ስለ ዶሮና ስለ ልጆች ልብስ ነው። ማገዶ ከየት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ሰውና የሚሸከመው ሰው አንድ አይደሉምና። በበዓል ሰሞን ማለዳ በጌዴኦ ኮረብታዎች መንገድ የሄደ ሰው እናቶችና ልጃገረዶች ከሸክሙ በታች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ ያያል።

በይርጋ ጨፌ አጠገብ ያለችው ኮንጋ በቡናዋ በውጭ አገር ሳይቀር የታወቀች ናት። በዚያ የቤት ጓሮ ማለት ደን ማለት ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፥ ከሥሩ እንሰት፥ በመካከሉ ቡና ይበቅላል። ይህ የአባቶች ጥበብ ያለበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ይሁን እንጂ ቅርስ የተባለውም ዛፍ ለምድጃ ይቆረጣል። ቤተሰብ እየበዛ መሬት እየጠበበ በሄደ ቁጥር ለጥላ የቆመውን ዛፍ የሚመለከተው ዓይን ይለወጣል።

ባለፈው የልደት በዓል የአንድ ቤተሰብ እንግዶች ነበርን። ቤታቸው ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ ቢሆንም መብራትም እሳትም ከራሱ ያገኛል። በጣራው ላይ ባለ 50 ዋት የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ አለ። ከበረቱ በታች ባለ 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ጉድጓድ ተሠርቷል። በማድቤቱ ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ፥ ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቀንስ ምርጥ ምድጃ አለ፤ ለእርሱም ከቡና ጉንደላ የተረፈው እንጨት ደርቆ ተከምሯል። እኛም የፕሮጀክቱ ሠራተኞች በሥልጠናው ጊዜ፥ «ከእንግዲህ ማገዶ አትሸከሙም» ብለን ተናግረን ነበር።

በዋዜማው ምሽት ሽንኩርቱ ገና በመቁላላት ላይ ሳለ ሰማያዊው ነበልባል አነሰ፤ ቀጥሎም ጠፋ። ለ20 ሰው የሚሆነው ወጥ በድስቱ ውስጥ ቀረ። የቤቱ እናት ቀና ብለው አዩንና፥ «ልጆቼ፥ ይበቃል ብላችሁኝ አልነበረም?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ልጃቸው ከክምሩ እንጨት አምጥታ ምርጥ ምድጃውን አቀጣጠለች፤ ወጡም በዚያው በሰለ፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቆጮም በዚያው ተጋገረ።

ሒሳቡን ቀድመን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባን ነበር፤ እነሆ አሁን እንንገር። አንድ ኪሎ እበት ወደ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ቤተሰብ ሁለት ላሞችና አንዲት ጊደር አለው፤ ሌሊት በበረት ስለሚያድሩ በቀን 25 ኪሎ እበት ቢሰበሰብ 1000 ሊትር ጋዝ ይሆናል። አንድ ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ስለሚበላ በቀን ከሦስት ሰዓት ብዙም የሚበልጥ እሳት አይገኝም። ለዘወትር ወጥና ለጀበና ቡና ይበቃል፤ ለበዓል ዶሮ ወጥ ግን አይበቃም። በተጨማሪም ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ወር ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ለቀማ ላይ ስለ ሰነበተ ጉድጓዱ ለአሥር ቀናት ያህል እንደሚገባው አልተመገበም።

ታዲያ በዋዜማው እጥፍ እበት ቢጨመርስ? አይጠቅምም። ዛሬ የገባው እበት ጋዙን የሚሰጠው ቀስ በቀስ በሚመጡት ሳምንታት ነው። ከጋኑ በላይ ያለው ቦታም ጠባብ ስለ ሆነ የብዙ ቀን ጋዝ ማጠራቀም አይቻልም። በምድረ በዳ መና ሲለቀም ለነገ ያስቀመጠ ሰው ተበላሸበት፤ በስድስተኛው ቀን ግን እጥፍ ተሰጠ። የእኛ ጉድጓድ ያን ስድስተኛ ቀን አያውቅም። ስለዚህ በባዮጋዝ የሚጠቀም ቤት የበዓሉን ዝግጅት ከኅዳር መጀመር አለበት፤ ለትልቁ ድስትም ደረቅ እንጨትና ምርጥ ምድጃ ሁልጊዜ ሊኖረው ይገባል።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ፤ እርሱም ከፊተኛው ይልቅ ያሳፍረናል። ጉድጓዱ ከእበቱ እኩል ውኃ ይፈልጋል። ምንጩ ከቤቱ በታች በገደሉ ሥር ነው። ውኃውን በጀሪካን የምታወጣው ያቺው እንጨት ታመጣ የነበረችው ልጅ ናት! እንጨቱን አቀለልንላት፥ ውኃውን ጫንንባት። አሁን የበረቱ ወለል በሲሚንቶ ተለስኖ የከብቶቹ ሽንት በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ እንዲፈስ ተደርጓል፤ በዚህም የሚቀዳው ውኃ ቀንሷል። የጣራ ውኃ ማጠራቀሚያም ቢኖር መልካም ነው። ይህ ከመጀመሪያው ሊታሰብ የሚገባው ነበር።

ስለ መብራቱም ጥቂት እንበል። በሰሜን አገሮች ገና የሚውለው በብርድና በጨለማ ወራት ስለሆነ በፀሐይ ኃይል ለሚኖር ቤት ከባዱ ወቅት እርሱ ነው። በእኛ ዘንድ ግን በጋ ነው፤ በጌዴኦ የታኅሣሥ ቀን 12 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይጎድሉታል። እኛን የሚፈትነን የክረምቱ ደመና ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ለክተው ሰሌዳ የሚያስገቡ ሠራተኞች ይህን ልብ ይበሉ። ደግሞም ሰሌዳው ጥላ ያገኘዋል ተብሎ ዋንዛ እንዳይቆረጥ፤ ሰሌዳው ቦታውን ይለውጥ እንጂ።

በዚያ ምሽት መብራቱም ቀድሞ ጠፍቶ ነበር። ምክንያቱ የጎረቤት ስልክ ነው። ለበዓል ከከተማ የመጡት ልጆች ሁሉ ስልካቸውን ሊሞሉ ወደዚያ ቤት መጡ፤ ከ10 የሚበልጡ ስልኮች በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው አየን። አባወራው በማግስቱ፥ «ከእንግዲህ ማንም አያምጣ» አለ። እውነትም 10 ስልክ የሚወስደው ኃይል ሦስት አምፖሎች ሌሊቱን ከሚወስዱት ይበልጣል። ሚስቱ ግን ዝም አሉና ቆይተው፥ «ኩራዝ በነበረን ጊዜ እሳት ከማን ቤት ነበር የምንጭረው?» አሉት። እርሱም አልመለሰላቸውም፤ ነገር ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ስልክ የሚሞላው ፀሐይ ካለች ከጠዋት እስከ ቀትር ድረስ ሆነ፤ ከቀትር በኋላ ያለው ኃይል ለቤቱ ባትሪ ይቀራል። ጎረቤቶቹም ይህን ያለ ቅሬታ ተቀበሉ።

ለሁሉም ቤት ባዮጋዝ ይሠራ ማለታችን አይደለም። በጌዴኦ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ አንዲት ላም ብቻ ያላቸው፥ ወይም ከነጭራሹ የሌላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ለእነርሱ ጉድጓድ መቆፈር ዕዳ ማስገባት ነው። ምርጥ ምድጃ ግን ለሁሉም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በእ. ኤ. አ. 2020 ዓ. ም. ከቤት ውስጥ በሚወጣ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። የሚያበስሉት እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ከሁሉ ይልቅ ይጎዳሉ። ከምድጃው ጋር የጭስ መውጫ መሥራት አይዘንጋ።

ዘንድሮ በዚያ ቤት ሦስት ጎረቤቶች ተነጋግረዋል። በታኅሣሥ 28 ቆጮውን በአንዱ ምርጥ ምድጃ በተራ ይጋግራሉ፤ የየቤቱ ሰው የራሱን ጉንደላ ይዞ ይመጣል። ወጡ በየቤቱ ይሠራል። ጋዙ ለቡናው ይቆያል።

በኅብረታችሁ ስትወያዩ በእነዚህ ላይ አሳብ ስጡ። በቤታችሁ ለበዓሉ የሚያስፈልገው ማገዶ ስንት ሸክም ነው፥ የሚያመጣውስ ማን ነው? በሰራፕታ ቤት ሦስቱ፥ ማለት እናት፥ ልጅና ነቢይ፥ ሲኖሩ እንጨቱን ማን ይለቅም የነበረ ይመስላችኋል? በሰፈራችሁ መብራት ያለው አንድ ቤት ቢሆን ለጎረቤት የሚሰጠውን እንዴት ይወስን? የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ በሥልጠና ጊዜ ከሚገባው በላይ ተስፋ የሰጣችሁበትን አንድ ነገር አስታውሱና ለባለቤቶቹ ተመልሳችሁ ንገሩ። መልሳችሁን ጽፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።