መንገድ የሚመራ መጽሐፍና መንገድ የሚመራ ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ ጽሑፍ የምንማማረው ወደ ቅዱሳት መካናት በእግራቸው ስለሚጓዙ ምእመናንና መንገዳቸውን ስለሚያመለክት መጽሐፍ ነው። አርእስቱን የመረጥነው ከመካከላችን ከአሰላ እስከ ዝቋላ አቦ በእግር ሄደው ለመሳለም የሚያስቡ ወጣቶች ስላሉ ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገና ስንቅ ሳይቋጠር አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ይኸውም «ማን ይመራናል?» የሚለው ነው።

ቀድሞ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነበር። በየሰፈሩ መንገዱን በእግራቸው የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ነበሩ። ዛሬ ብዙው ተሳላሚ በመኪና ሄዶ በመኪና ስለሚመለስ የእግሩን መንገድ፣ ምንጩን፣ ጥላውንና ማደሪያውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመኑ ነው። እነርሱ ሲያልፉ ዕውቀታቸውም አብሮ ይቀበራል። እንግዲህ ይህ ዕውቀት በወረቀት ላይ ይስፈር ወይስ አይስፈር? ቢጻፍስ ምን ምን ይጻፍ? የሚሉትን ጥያቄዎች በየተራ እንመርምር።

1ኛ/ መጽሐፍ ይዞ መሪ የፈለገው ተሳላሚ

በመጽሐፍ ቅዱስ ከምናውቃቸው የሀገራችን ሰዎች አንዱ በእግዚአብሔር ቤት ሊሰግድ ረጅም መንገድ የተጓዘው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ነው። ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ተጽፏል። ይህ ሰው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ፣ ወደ ጋዛ በሚወስደው በረሃማ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንደማይቻለው በትሕትና ገለጠ፤ ወደ ሠረገላውም ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስተውል። ጃንደረባው መሪ ስላስፈለገው መጽሐፉን አልጣለም፤ መጽሐፍ ስለያዘም መሪውን አልናቀም። ስለ መንገድ መሪ መጽሐፍም የምናስበው በዚሁ ሚዛን ሊሆን ይገባል። ጽሑፍ የሰውን ምስክርነት ያቆያል፤ ሰው ደግሞ ጽሑፉን ያብራራል።

2ኛ/ አባቶቻችን ያስጻፉት የቀን ጉዞ

«የእኛ ሀገር ሰው መንገድ በቃል እንጂ በጽሑፍ አያውቅም» የሚሉ አሉ። ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ኢትዮጵያውያን ወደ ኢየሩሳሌም መጓዝ የጀመሩት በጥንት ዘመን ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከቤተ ልሔም የተጻፉ ደብዳቤዎች ወደ ቅድስት ሀገር ከሚመጡ ሕዝቦች መካከል ኢትዮጵያን ይጠቅሳሉ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው ዴር ሡልጣን ገዳማችንም የዚህ የረጅም ዘመን ጉዞ ምስክር ነው።

ከእነዚህ ተሳላሚዎች ጥቂቶቹ ከኢየሩሳሌም አልፈው እስከ ኢጣሊያ ይደርሱ ነበር። አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ከ1519 እስከ 1524 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት እንዲህ ያሉ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን እያገኘ፣ ከሀገራቸው ተነሥተው በየት በየት እንደ መጡ በትጋት ጠየቃቸው። እነርሱም የከተማውን፣ የወንዙንና የገዳሙን ስም እየጠሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ነገሩት፤ እርሱም ጻፈው። በዝርዝሩ ውስጥ ባራራ የተባለው የዘመኑ ከተማ፣ አክሱም፣ ሱዋኪንና ካይሮ ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ከሌሎች መሰል የጉዞ ዝርዝሮች ጋር ሆኖ በ1958 እ.ኤ.አ. ክሮፎርድ በተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ አዘጋጅነት ታትሟል።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች መንገድ መሪ ጽሑፍ አለ ማለት ነው። ቃሉ የአባቶቻችን ነው፤ ብዕሩ ግን የባዕድ ነበር። እነዚያ መነኮሳት ጠያቂ ባያገኙ ኖሮ የቀን ጉዞአቸው ቁጥር ከእነርሱ ጋር በጠፋ ነበር። ዛሬ ሽማግሌዎቻችንን ጠይቆ የሚጽፍ ከሌላ ሀገር እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

3ኛ/ ትክክለኛ ዝርዝር፣ የተዘጋ መንገድ

በዚያው ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንድ አሳዛኝ ነገር መዝግቧል። ከሦስት መቶ በላይ የሆኑ መነኮሳት ከጥቂት መነኮሳዪያት ጋር ተሰብስበው በሱዋኪን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። በመንገድ ላይ ግን አደጋ ጣዮች ደረሱባቸው። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ተማርከው ተሸጡ፤ ያመለጡት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

እነዚህ አባቶች መንገዱ ስለጠፋቸው አልሞቱም። መንገዱ ከእነርሱ በፊት ብዙዎች የተመላለሱበት ነበር። የጠፋው የመንገዱ ሰላም ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የቦታ ስምና የቀን ቁጥር ትክክል ሆኖ ሳለ መንገዱ የተዘጋ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለሆነም መንገድ መሪ መጽሐፍ መቼ እንደ ተጻፈና መቼ እንደ ታረመ ቀኑ ሊጻፍበት ግድ ነው። ቀን የሌለው መምሪያ በቅን ልቡና ተጽፎም ቢሆን ሰውን ወደ ጥፋት ሊመራ ይችላል።

4ኛ/ ከሩቅ ሀገር የምንማረው

በእስፓኝ ሀገር የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ወደሚገኝበት ወደ ኮምፖስቴላ የሚወስድ ረጅም የእግር መንገድ አለ። በ12ኛው መቶ ዓመት ለዚህ መንገድ በላቲን ቋንቋ መምሪያ ተጽፎ ነበር። ጸሐፊው የየቀኑን ጉዞ ከፋፍሎ ካመለከተ በኋላ የትኛው ወንዝ እንደሚጠጣና የትኛው እንደሚገድል ይዘረዝራል። በአንድ ወንዝ ዳር ሁለት ሰዎች ቢላዋቸውን ሲስሉ አግኝቶ ውኃው ለፈረስ ይሆን እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እነርሱም ይሆናል አሉት፤ ከጠጡትም ፈረሶች ሁለቱ ወዲያው ሲሞቱ ሰዎቹ ቆዳቸውን ገፈፉ ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለፈ መንገደኛ ያንን ገጽ አንብቦ ከሆነ ፈረሱን አትርፏል።

ይሁን እንጂ ይኸው ጸሐፊ የተቆጣበትን ሀገር ሕዝብ በሙሉ በክፉ ስድብ አዋርዶ ጽፏል። ይህ የመጽሐፉ ነውር ነው። በሁለት ሰዎች ክፋት አንድ ሕዝብ አይወቀስም። ደግሞም ተሳላሚ ውኃ የሚለምነው በሰው ደጅ ነው፤ የሚያሳድረውን ሰው እንዲንቅ የሚያስተምር መምሪያ መንገደኛውንም አስተናጋጁንም ይጎዳል።

በዘመናችንም በዚያው መንገድ ላይ ኤሊያስ ቫሊኛ የተባለ የገጠር ደብር ቄስ፣ የተረሳው የእግር መንገድ እንዲታደስ ብዙ ደክሟል። የተሳላሚ መምሪያ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ መንገደኛ በሚሳሳትባቸው መታጠፊያዎች ላይ በቢጫ ቀለም ቀስት እየሳለ አመለከተ። ዛሬ ያ ቢጫ ቀስት የመንገዱ ሁሉ ምልክት ሆኗል። ሥራው የተጀመረው በአንድ የገጠር ቄስ ድካምና በጥቂት ቀለም ነው።

5ኛ/ በአርሲ ደጋ የምናየው

ወደ ራሳችን ሀገር እንመለስ። በአርሲ የምንኖር ሁላችን ጎረቤቶቻችን የሆኑ ሙስሊሞች ጫፉ እንደ ባላ የሆነ በትር ይዘው በባሌ ወደሚገኘው ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ሲጓዙ እናያለን። ከእነርሱ ብዙዎቹ መንገዱን የሚማሩት ከቀደሙ ተጓዦች ነው፤ እየዘመሩ ይሄዳሉ፤ ታናሹ ከታላቁ ጋር ሲሄድ ማደሪያውን ይለምዳል። ይህ በቃል የመጠበቅ ትምህርት ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ያሳየናል። የሚጸናውም አብሮ የሚሄድ ታናሽ እስካለ ድረስ ነው። በእኛ በኩል የጎደለው ይህ አብሮ መሄድ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ያስፈልገናል።

6ኛ/ ከአሰላ እስከ ዝቋላ፦ ምን ይጻፍ?

ዝቋላ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበት፣ በአናቱ ላይ ሐይቅ ያለው፣ ከፍታው ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ተራራ ነው። ምእመናን በብዛት የሚሰበሰቡት በጥቅምት 5ና በመጋቢት 5 ነው። አውራ ጎዳናውን የሚከተል ሰው ከአሰላ ተነሥቶ በቁሉምሳ፣ በጎንዴ፣ በኢተያና በዴራ አልፎ፣ አዋሽን በመልካሳ ተሻግሮ አዳማ ይገባል። ይህ ብቻ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዳማ በሞጆ በኩል ቢሾፍቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ እስከ ተራራው ደግሞ ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ስድስት ቀን ያህል ይፈጃል።

ይህን ርቀት ማንም ከካርታ ያገኘዋል። ከሽማግሌዎች ጠይቀን ልንጽፋቸው የሚገቡ ግን የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ውኃ፦ ምንጩ፣ ጉድጓዱና ቦኖው የት እንደሆነ፣ በመጋቢት ድርቅ የሚነጥፈውና የማይነጥፈው ተለይቶ ይጻፍ።

ለ. አየርና ጤና፦ አሰላ ከ2400 ሜትር በላይ ብርዳማ ደጋ ነው፤ መንገዱ ግን ከ800 ሜትር በላይ ወርዶ አዳማ ቆላ ይገባል፤ በመጨረሻ እንደገና ወደ ዝቋላ ብርድ ይወጣል። ስለዚህ ጋቢም የፀሐይ መከላከያም ያስፈልጋል። በጥቅምት ክረምቱ ገና እንዳለፈ በአዋሽ ሸለቆ የወባ ጊዜ ስለሆነ አጎበር ሳይዙ ደጅ ማደር አይገባም። በመንገዱ ያሉት ጤና ጣቢያዎችም ይመዝገቡ።

ሐ. ስንቅ፦ መጋቢት 5 በዐቢይ ጾም ስለሚውል በቅቤ የታሸ ጭኮ አይሆንም፤ የደጋችን ገብስ በሶና ቆሎ ይበቃል። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾምና የደከመ ምን እንደሚያደርግ ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ ይመከር።

መ. ማደሪያ፦ የትኛው ደብር እንግዳ እንደሚያሳድር፣ ለማን አስቀድሞ ማስታወቅ እንደሚገባ፣ እኅቶች የሚያርፉበት ስፍራም ለብቻው ተለይቶ ይጻፍ።

ሠ. ቋንቋና አክብሮት፦ በኦሮምኛ ውኃ «ቢሻን»፣ መንገድ «ከራ» መሆኑን፣ ለተደረገልን ሁሉ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን እንደሚገባ ይጻፍ። የገበሬ ማሳ አይረገጥ፤ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ አይደፍርስ።

ረ. እሳት፦ የዝቋላ ደን በእሳት ተጎድቶ ያውቃል። በመጋቢት ሣሩ ደረቅ ስለሆነ በተራራው ላይ እሳት ማንደድም ሆነ የሚነድ ጧፍ ጥሎ መሄድ ትልቅ ጥፋት ነው።

7ኛ/ ከሁሉ የሚቀድመው ገጽ

ወንድሞችና እኅቶች! በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዝቋላ ገዳም አራት አባቶች በግፍ መገደላቸውን ሁላችን በኀዘን ሰምተናል። የአልቫሬዝ ታሪክ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳየናል። ስለዚህ የምናዘጋጀው መምሪያ የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ይኑረው፦ ማንም ከመነሣቱ በፊት ሀገረ ስብከቱን፣ ገዳሙንና በመንገዱ ያሉትን አጥቢያዎች ይጠይቅ፤ «ቆዩ» ከተባለ ይቆይ። በታዘዘ ጊዜ መቅረት የእምነት ጉድለት አይደለም። የሌሎችን ልጆች አስከትሎ ሳይጠይቁ መውጣት ግን ድፍረት ነው።

መንገዱ እስኪፈቀድ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። መጠየቅና መጻፍ ስንቅም በትርም አይፈልግም። እያንዳንዳችን በሰፈራችን በእግሩ ዝቋላን፣ ቁልቢን ወይም ግሸንን የተሳለመ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት እንፈልግ፤ ቀርበን እንጠይቅ፤ የነገሩንን በቃላቸው እንጻፍ፤ የጠየቅንበትን ቀን ከታች እናስፍር። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ቢነግሩን ሁለቱንም እንጻፍ። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ወረቀቱን ከአንድ መንገዱን ከሚያውቅ ሰው ጋር ይዘን እንውጣ፤ ጃንደረባው መጽሐፉንም ፊልጶስንም በአንድ ሠረገላ እንደ ያዘ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ቀን የሌለው መንገድ መሪ ጽሑፍ ምን ጉዳት ያመጣል? ከትምህርቱ ምሳሌ ስጡ።
2. በአጥቢያችሁ የእግር መንገዱን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው? መቼስ ትጠይቋቸዋላችሁ?
3. «ቆዩ» የተባለ ተሳላሚ በዚያ ጊዜ ምን ሊሠራ ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።