የሚንሿሿ መልካም ምኞት

መስከረም 1 ቀን ጠዋት በር የሚያንኳኩትን ወንዶች ልጆች አስቧቸው። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ለምለም ሣርና አደይ ይዘው ይመጣሉ። ወንዶቹ ደግሞ በነጭ ወረቀት ላይ አበባ፣ ፀሐይ ወይም ክንፉን የዘረጋ መልአክ ስለው፣ በከለር እርሳስ አድምቀው «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ይሰጣሉ። ሣንቲማቸውን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣሉ።

እስቲ ይህንን እንደ ጨዋታ ሳይሆን እንደ ሥራ ተመልከቱት። ልጁ ወረቀትና ከለር አዘጋጅቷል። ምን እንደሚስል አስቦ ወስኗል። ስንት ቤት እንደሚዞር ገምቶ በዚያው ልክ አባዝቷል። በሰው ደጅ ቆሞ የእጁን ሥራ ሳያፍር አሳይቷል፤ ዋጋውንም ተቀብሏል። ንድፉም፣ ምርቱም፣ ገበያውም ያለቀው በአንድ ጠዋት ነው። ባለሥራው ገና የወተት ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም!

ከዚያ ጥቂት ከፍ ሲል ያቆማል። አቁም ያለው የለም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። «እኔ እኮ ሥዕል አልችልም» ማለት የሚጀመረውም እዚያ ዕድሜ ላይ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያኔም አይችልም ነበር። የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው ይረዝም ነበር፣ ፀሐይዋም ድንች ትመስል ነበር። ግን ጨርሶ ሰጠ፤ ሰዎችም በደስታ ተቀበሉት።

ዛሬ ያንን ልጅ ወደ ጠረጴዛው እንድትመልሱት ልገፋፋችሁ ነው። በተለይ በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋ ጨፌ፣ በቡሌና በሌላውም የጌዴኦ አካባቢ የምትኖሩ ልብ ብላችሁ አንብቡኝ፤ ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልገው ዕቃ ግማሹ በጓሯችሁ ይበቅላልና።

ሥራው ሼከር ካርድ ይባላል፤ እኛ የሚንሿሿ ካርድ እንበለው። ፊቱ ላይ በቅርጽ የተቆረጠ መስኮት አለው። መስኮቱ ክብ፣ ልብ፣ ጀበና ወይም የቡና ቅጠል ሊሆን ይችላል። በጠራ ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ከፕላስቲኩ ጀርባ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል፤ በክፍተቱ ውስጥ ዶቃ፣ ብልጭልጭ ወይም ጥራጥሬ ይገባል። ካርዱ ሲነቀነቅ ውስጡ ያለው ይንሿሿል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ግን ትልቅ ሰውም ቢሆን እንዲህ ያለ ካርድ ሲሰጠው መጀመሪያ ነቅነቅ ያደርገዋል፤ ጽሑፉን የሚያነበው ከዚያ በኋላ ነው።

አሠራሩን ለጌዴኦ ሰው ማስረዳት አይከብድም። የጌዴኦ ጓሮ ደርብ በደርብ ነው፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰቱ፣ በጥላው ቡናው፣ ከታች ጎመንና ቅመሙ። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዓለም ያደነቀው ይህንኑ ሁሉን በየደረጃው የሚያኖር ጥበብ ነው። ካርዱም እንደዚያው ነው። ከታች መደቡ ወረቀት ይነጠፋል፣ በላዩ ዙሪያውን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ግድግዳ ይቆማል፣ በግድግዳው መካከል ጥራጥሬው ይፈስሳል፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይመጣል፣ ከሁሉ በላይ በቅርጽ የተቆረጠው ፊት ይለጠፋል። አንዱ ደርብ ከጎደለ ካርዱ አይሠራም።

«መስኮቱን በምን እቆርጠዋለሁ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ብዙ ሰው የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው። በውጭ አገር ካርድ ሠሪዎች ዳይ በሚባል ዕቃ ይቆርጣሉ። ዳይ በሚፈለገው ቅርጽ የተሠራ፣ ጠርዙ ስል የሆነ ብረት ነው። ወረቀት ላይ ተደርጎ ሲጫኑት ቅርጹን በአንዴ ያወጣዋል። ለቤት የሚሆነው ማሽን ትንሽ ነው፤ እጀታው ሲዞር ዳይና ወረቀቱ ተደራርበው በሁለት ተሽከርካሪ ብረቶች መካከል ያልፋሉ። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የኬክ ቤት ካርቶንና የመድኃኒት ፓኮ በዳይ ተቆርጠው የታጠፉ ናቸው። አንድ ባዶ ፓኮ ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ የት ተቆርጦ የት እንደታጠፈ ስታዩ የግማሽ ቀን ሥልጠና ወሰዳችሁ ማለት ነው።

ማሽኑ ግን የለንም። ይሁን! ዳይ የተስፋፋው በጫማ ሥራ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጫማ ሶል በብዛትና በአንድ ልክ ለመቁረጥ ተፈለገ። ከዚያ በፊት ጫማ ሠሪው ሞዴሉን ቆዳው ላይ አስቀምጦ፣ ዙሪያውን አስምሮ በቢላ ይቆርጥ ነበር። ዳይ አልነበረውም፤ ደንበኞቹ ግን በባዶ እግራቸው አልሄዱም።

እናንተም ከሞዴል ጀምሩ። አሮጌ የራጅ ፊልም በጣም ጥሩ ሞዴል ይወጣዋል፤ ጠንካራ ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ቶሎ አይበላም። ቅርጹን አንዴ በጥንቃቄ ከቆረጣችሁት በእሱ ብዙ ካርድ ታወጣላችሁ። ቀጥ ያለውን መስመር ከብረት ማስመሪያ ጋር በከተር፣ ክቡን በትንሽ መቀስ ቁረጡ። መቀሱን ሳይሆን ወረቀቱን እያዞራችሁ ከቆረጣችሁ ክቡ አይሰባበርባችሁም። ለትንንሽ ነጠብጣብ የቢሮ ወረቀት መብሻ አለ። እንዲያውም መብሻው የሚጥላቸው ክብ ክብ ቁርጥራጮች በባለቀለም ወረቀት ከተሠሩ ለካርዱ ሆድ ጥሩ ሙሌት ናቸው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ከውጭ የሚመጣውን ብልጭልጭ ተዉት፤ ዲላ ላይ ምን አለ? ቀይና ነጭ ጤፍ ተደባልቆ በጠራ ፕላስቲክ ሥር ሲንሸራተት ማየት ደስ ይላል። ኑግ ጥቁር ነው፣ ሰሊጥ ፈዛዛ፤ ሁለቱ አብረው ያምራሉ። የኮረሪማ ፍሬም አለ፤ ፕላስቲኩ ላይ በመርፌ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ብታበጁለት ካርዱ ሽታም ይኖረዋል። ሁሉን የሚያስከነዳው ግን ቡናው ነው። ዓለም ይርጋ ጨፌ ብሎ በስሙ የሚጠራውን ፍሬ ከምንጩ አጠገብ ሆኖ ካርድ ውስጥ ማስገባት የቻለ ሰው ከየትኛውም ትልቅ ከተማ ካርድ ሠሪ አንድ እርምጃ ይቀድማል። ማሰሪያ ክር ካሻችሁ የእንሰት ቃጫ አለ። ለቅርጽ መቁረጫ ደግሞ የደረቀ የእንሰት ወይም የሙዝ ቅጠል በከባድ መጽሐፍ ሥር ተጭኖ ሲለሰልስ እንደ ወረቀት ይቆረጣል። ለንድፍም ሩቅ አትሂዱ። እዚያው ጌዴኦ ያሉት የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ረዣዥም ናቸው፣ ጫፋቸውም ድቡልቡል ነው፤ ጀማሪ እጅ እንኳ የሚቆርጠው ቅርጽ ነው።

ወረቀቱ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚገኘው ደረቅ ወረቀት ነው። አንዱን ኤ4 ለሁለት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን ስታጥፉት ሁለት ካርድ ይወጣል። የጠራው ፕላስቲክ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ለጥራዝ ሽፋን የሚጠቀሙበት ነው። አንዱ ገጽ ቢቆጠብ ለስድስት መስኮት ይበቃል። ግድግዳው ደግሞ ከዕቃ ካርቶን ይወጣል፤ ተራው ካርቶን ሦስት ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። በቀጭኑ ቅደዱትና በመስኮቱ ዙሪያ አቁሙት። ለጤፍና ለሰሊጥ አንድ ድርብ ይበቃል፤ ቡና ወፍራም ስለሆነ ሁለት ድርብ ይፈልጋል።

ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጥባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ ቀድማችሁ እወቋቸው። ጤፍ ፕላስቲኩ ላይ ተጣብቆ አልወርድ ይላል። ይህ ፕላስቲኩ ሲታሽ የሚያገኘው የኤሌክትሪክ ሙል ሥራ ነው። ትንሽ የሕፃን ፓውደር በጥጥ አድርጋችሁ የፕላስቲኩን ውስጠኛ ፊት ብታሹት ይለቃል። ኮላው ሳይደርቅ ጥራጥሬ ከጨመራችሁ ጠርዝ ጠርዙን ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ ታገሡት፣ ሻይ ጠጡ። በግድግዳው ማዕዘን ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ከቀረ ጤፍ ፈልጎ ያገኛታል፤ የተቀባዩን ጠረጴዛም ያጥለቀልቃል። ጥራጥሬው ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ ካልሆነ ይሻግታል ወይም ይነቅዛል፤ ምጣድ ላይ ሞቅ አድርጎ ማቀዝቀዝ ይበጃል። ደግሞም ሆዱን አትሙሉት፤ ሲሶው ይበቃል። አነቃቂ ጸሐፊ እዚህ ላይ ስለ ሕይወት ምሳሌ እንደሚሰጥ ትጠብቁ ይሆናል። የለኝም፤ ጥራጥሬው መንቀሳቀሻ ቦታ ስለሚፈልግ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ካርድ አያምርም። ግድ የለም። ሁለተኛውን በሌላ ቅርጽ አትሞክሩ፤ ያንኑ ድገሙት። ሦስተኛውንም ያንኑ። እጅ የሚማረው በመድገም ነው፤ አዲስ ንድፍ እያማረጡ መዝለል ብዙ ሰው ምንም ሳይጨርስ እንዲደክም ያደርጋል። የእንቁጣጣሹ ልጅም አንዷን አበባ ነበር ደጋግሞ የሚስላት።

አሁን «በቴሌግራም የተዘጋጀ ሥዕል እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ይኖራል። ታሪኩ ራሱ ይመልስለታል። የመጀመሪያው ለሽያጭ የታተመ የገና ካርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ ነው። ሄንሪ ኮል የሚባል ሰው ለወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ የሚጽፍበት ጊዜ ቢያጥረው ጆን ካልኮት ሆርስሊ የተባለውን ሠዓሊ ካርድ አሳለው፤ አሳትሞም ላከ። የታተመው ካርድ የተወለደው ከጊዜ እጦት ነው። በአንድ ጣት ለመቶ ሰው የሚላከው ሥዕልም የዚያው ልጅ ነው። በእጅ የተሠራው ግን ለተቀባዩ የሚያደርሰው ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ሰው ስለ እሱ እያሰበ የተቀመጠበትን ምሽት። ይህንን ፎርዋርድ ማድረግ አይቻልም።

እንጀራም ሊወጣው ይችላል። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ የኖረችው ኤስተር ሃውላንድ እ.ኤ.አ. በ1847 ትምህርቷን እንደጨረሰች ከእንግሊዝ የመጣ ያጌጠ ካርድ እጇ ገባ፤ «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አለች። አባቷ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነበር። ናሙናዎቿን ወንድሟ ለሽያጭ ሲዞር ይዞላት ሄደ። የ200 ዶላር ትእዛዝ ቢመጣልኝ ብላ ስትጠብቅ ከ5,000 ዶላር በላይ ይዞላት እንደተመለሰ ይነገራል። ያን ጊዜ ጓደኞቿን ጠርታ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠች፤ አንዷ ትቆርጣለች፣ አንዷ ትለጥፋለች፣ አንዷ ታስጌጣለች። ፋብሪካዋ የቤቷ ክፍል ነበር።

ዲላ ላይ ገበያው የት ነው ትላላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1996 በኮሌጅነት የተጀመረው ዲላ ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ልጆችን ያስመርቃል። ተመራቂው ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ሲመለስ የተማረበትን አገር ቡና በሆዱ የያዘ ካርድ ለእናቱ ቢወስድ ምን ያህል ደስ እንደሚላት ገምቱ። ከተማው የአዲስ አበባ ሞያሌ መንገድ ላይ ነው፤ መንገደኛ አይጠፋም። ሰርግ አለ፣ ልደት አለ፣ ገና፣ ፋሲካና ኢድ አለ፤ የጌዴኦ የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓል ደራሮም በየዓመቱ ጥር ላይ ይመጣል። ካርዱ ወፍራም ስለሆነ በተራ ፖስታ አይሄድም። በሰው እጅ መላክ ደግሞ አገራችን የተካነችበት ነው።

ዋጋ ስትተምኑ ወረቀቱን ብቻ አትቁጠሩ፤ ጊዜያችሁን ቁጠሩ። «ወረቀት መቁረጥ ደግሞ ሥራ ነው?» የሚል ዘመድ ከመጣ አትደንግጡ። የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው፤ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ዘመዳችሁ ካርዱን ከእጃችሁ ወስዶ ነቅነቅ ሲያደርገው ዝም ብላችሁ እዩት፤ ክርክሩ እዚያው ያበቃል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። በቅርብ ከሚመጡት በዓላት አንዱን ምረጡ፤ ካርዱን የምትሰጡትን ሰው ስም ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ስሙ ከተጻፈ በኋላ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መክተት ይከብዳል። ከዚያ አንድ እፍኝ ጤፍ ከእናታችሁ ለምኑ፤ መቀሱንም አንሡ።