የንዑስ አንቀጽ ትምህርት በእንግሊዝኛ

ልጆች ሆይ፥ በአማርኛ «መምጣት» ስንል «መ» ከግሱ ጋራ ተጣብቆ ይነገራል። በእንግሊዝኛ ግን «ቱ» የምትባል ትንሽ ቃል ለብቻዋ ቆማ ግሱን ትቀድማለች፤ «ቱ ከም» ማለት መምጣት ነው። ይህ ንዑስ አንቀጽ ይባላል። «ቱ ከም ሆም» ቢሉም ወደ ቤት መምጣት ማለት ነውና፥ ሐረግ ሆነ እንጂ ነገሩ ገና አልታሰረም።

አሉታን የምታመለክተውን «ኖት»ን በስፍራዋ አኑሩ። «ሂ ፕሮሚስድ ኖት ቱ ከም» ማለት ላለመምጣት ቃል ገባ ነው። «ሂ ዲድ ኖት ፕሮሚስ ቱ ከም» ግን ለመምጣት ቃል አልገባም ማለት ነው። የፊተኛው ቢመጣ ቃሉን አፈረሰ፤ የኋለኛው ግን ቢመጣም ቢቀርም በደል የለበትም። እንግዲህ አስተርጓሚ የዚህችን ቃል ስፍራ ቢስት፥ ንጹሑን ሰው ቃለ አባይ ያደርገዋል።